ገጠር ስትገቡ ቦታውን ሥራ ያላገኘው ሰው ይምረጥ

ካልገሪና ቶሮንቶ ያላችሁ ወዳጆቼ ሰሞኑን የምትጠይቁኝ አንድ ዓይነት ጥያቄ ሆኗል። ገጠር ይሻላል ወይ? ኪራይ ጨርሶናል፣ ልጆቹ ቤዝመንት ውስጥ ነው እያደጉ ያሉት፣ እናንተ እዚያ እንዴት ናችሁ? ገና አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ሆናችሁ፣ በካናዳ የገጠር ፕሮግራም እንምጣ ወይ የምትሉም አላችሁ። ለሁሉም በስልክ መመለስ አልቻልኩም፣ አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

የምንኖረው ደቡብ አልበርታ ውስጥ ነው፣ ብሩክስ ከምትባል ከተማ ወጣ ባለች ትንሽ መንደር። የመንደሯን ስም አልጽፍም። ሀበሻ እኛ ብቻ ስለሆንን ስሟን መጻፍ የቤት ቁጥሬን መጻፍ ነው። ብሩክስ ራሷ 15 ሺህ ያህል ሰው ይኖርባታል፣ ከካልገሪ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ሀበሻውም፣ ሱዳኑም፣ ሶማሌውም፣ ፊሊፒኖውም እዚህ የተሰበሰበው በትልቁ የሥጋ ፋብሪካ ምክንያት ነው። ባለቤቴም በዚያው መጣ። እኔ ልጆቹን ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። እንግዲህ የምጽፈው በተከታይዋ በኩል ያለውን ነው፣ እሱን ብትጠይቁት ሌላ ነገር ሊነግራችሁ ይችላል።

ሰው ገጠር ለመግባት ሲያስብ መጀመሪያ የሚያየው ደሞዝና የቤት ዋጋ ነው። እኛም ያየነው እሱን ነው፣ መታየትም አለበት። ግን ሥራ ያገኘው ሰው የትም ቢሄድ ብዙ አይቸገርም። ጠዋት የሚሄድበት አለው። ምሳ ሰዓት አብሮት የሚቀመጥ፣ የሚቀልድበት፣ መኪናው ስትበላሽ ሊፍት የሚሰጠው ሰው አለው። ቦታው የሚከብደው ለሌላው ነው፤ ለሚስት፣ ሚስትየዋ ከሆነች ሥራውን ያገኘችው ለባል፣ ለልጆች፣ ልጅ ሊይዙ ከኢትዮጵያ ለመጡ እናት። ገጠር ገብተው ወደ ከተማ ሲመለሱ ያየኋቸው ቤተሰቦች ሥራው ጠልቷቸው አይደለም የተመለሱት። ቤት የዋለው ሰው አልቻለም። ስለዚህ ቦታውን ሥራ ያላገኘው ሰው ይየው፣ የመጨረሻዋንም ቃል እሱ ይበል።

ማየቱ ደግሞ በበጋቸው አይሆንም። በሐምሌ የአልበርታ ገጠር ያታልላል። ካኖላ የሚባለው የዘይት ተክል አበባው ቢጫ ነው፣ ሰማዩ ሰፊ ነው፣ ፀሐይዋ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ድረስ አትጠልቅም። ታኅሣሥ ላይ ግን አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ይጨልማል። ጥር ወይም የካቲት ላይ ሂዱ፣ ቅዳሜና እሁድ ሳይሆን በሥራ ቀን። ከዚያ ሥራ ያላገኘው ሰው አንድ ሙሉ ቀን ያለ መኪና እዚያ ይዋል። ሌላው መኪናውን ይዞ ይጥፋ። ወተት ለመግዛት በእግሩ ይደርሳል? ሕፃን ይዞ የእግረኛ መንገዱ በረዶ ተጠርጎለታል ወይስ መሀል መንገድ ነው የሚሄደው? ቤት ውስጥ መቀመጥ ሲሰለቸው የሚሄድበት ሞቅ ያለ ቦታ አለ? ቤተ መጻሕፍት ሊሆን ይችላል፣ ቡና ቤት ሊሆን ይችላል፣ የስፖርት አዳራሽም ይሆናል። እኔ ሦስት መንደሮችን ነው እንዲህ ያየሁት። በጣም ቆንጆዋን ጣልኳት፣ ምክንያቱም ሱቋ በእግር የማይደረስበት አውራ ጎዳና ዳር ነበር። የመረጥኳት መንደር መልኳ ያን ያህል አይደለም። ግን ፖስታ ቤቷ፣ ትምህርት ቤቷና ሱቋ በአንድ መንገድ ላይ ናቸው፣ ፖስታ ለመውሰድ ስሄድ በግድ ሰው አገኛለሁ። በትናንሽ መንደሮች ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም፣ ሄዶ ከሳጥን መውሰድ ነው። መጀመሪያ አናዶኝ ነበር፣ ኋላ ግን ጎረቤት ያስተዋወቀኝ እሱ ሆነ።

መኪና ላይ ግልጽ ልሁን። ቤት ውስጥ መንዳት የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ገጠር አትግቡ። ድሮ ግሬይሃውንድ የሚባለው አውቶቡስ በየትናንሹ ከተማ ይቆም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ጥቅምት መጨረሻ ከምዕራብ ካናዳ ወጣ፣ በ2021 ደግሞ የካናዳ የአገር ውስጥ ጉዞውን ጨርሶ አቆመ። አሁን በዋናው መንገድ የሚያልፉ ሌሎች አውቶቡሶች አሉ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ላለ ሰው ግን አይሆኑም። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ደግሞ አልበርታ ላይ በቀጥታ አይቀየርም፤ የጽሑፉን ፈተና ታልፋላችሁ፣ ከዚያ የመንዳቱን። አገር ቤት ለረጅም ጊዜ የነዳችሁ ከሆነ ማስረጃውን ከመንገድ ትራንስፖርት አውጥታችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ይጠቅማል። ይህን ሁሉ ከተማ ሳላችሁ ጨርሱት። ገጠር ከገባችሁ በኋላ አስተማሪውም ፈታኙም ሩቅ ነው፣ በሰው መኪና ተለምኖ መሄድ ደግሞ ያሳቅቃል።

የክረምት ጎማ የሚለውን ሁሉም ሰው ይነግራችኋል። የማይነግሯችሁ ሶኬቱን ነው። እዚህ መኪና ከፊቱ የኤሌክትሪክ ገመድ ተንጠልጥሎ ብታዩ የሞተር ማሞቂያ ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች 20 እና 30 ሲወርድ ማታ ማታ ይሰካል፣ አለዚያ ጠዋት አይነሳም። ስለዚህ ቤት ስታዩ መኪና የሚቆምበት አጠገብ የውጭ ሶኬት መኖሩን እዩ። እኛ ስናየው የነበረ አንድ ቤት ሶኬቱ በጓሮ በኩል ነበር፣ ባለቤቴ ገመድ በመስኮት እናወጣለን ሲል ሳቅ ይዞኝ ወጣሁ። የመኪናው ሻንጣ ውስጥ ብርድ ልብስ፣ አካፋ፣ ሻማና ክብሪት ይኑር። ከመውጣታችሁ በፊት 511 አልበርታ የሚባለውን የመንገድ መረጃ እዩ። ነፋሱ በረዶውን ከሜዳው እያነሳ መንገዱን ሲያለብሰው የፊታችሁን መኪና አታዩም። ያን ቀን ቀጠሮ ይሰረዛል፣ እዚህ አገር ለዚህ ማንም አይቆጣም። ማታና ንጋት ላይ ደግሞ አጋዘን መንገድ ውስጥ ይገባል፣ አንዱ ካለፈ ሁለተኛው ከኋላው አለ፣ አትቸኩሉ።

ሁለተኛው ሥራ፣ ተከትሎ የመጣው ሰው የሚይዘው፣ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው።

ብሩክስ አንድ ትልቅ ቀጣሪ ያላት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2012 መስከረም ላይ ከፋብሪካው በወጣ ሥጋ ኢ ኮላይ የሚባለው ሰው የሚያሳምም ባክቴሪያ ተገኘ። በካናዳ ታሪክ ትልቁ ነው የተባለለት የሥጋ መጠን ከገበያ ተሰበሰበ፣ የፋብሪካው ፈቃድ ታገደ፣ ወደ 2000 የሚጠጋ ሠራተኛ ለጊዜው ቤቱ ተቀመጠ። በኋላ ሌላ ኩባንያ ገዛው፣ ዛሬም ይሠራል፣ የባለቤቴም እንጀራ ነው። እኛ ያኔ አልነበርንም፣ የነበሩት ግን አሁንም ያወሩታል። ባልም ሚስትም እዚያው የሚሠሩበት ቤት ሁለቱም ደሞዝ በአንድ ቀን ነው የቆመው። (ክትፎ ወዳጆች ይህን አንብባችሁ ለብለብ ብታደርጉት አልቀየምም።)

ስለዚህ የምትገቡበትን ከተማ ስትመለከቱ ትልቁን ቀጣሪ ትታችሁ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጠይቁ። ሆስፒታል አለ? የአረጋውያን መጦሪያ አለ? የወረዳው መሥሪያ ቤት፣ የትምህርት ቤቶች ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው ያለው? የአትክልት ግሪን ሃውስ አለ? ሜዲስን ሃት አጠገብ ሬድክሊፍ የምትባል ከተማ ለምሳሌ በግሪን ሃውስ የታወቀች ናት። እኔ ሄልዝ ኬር ኤይድ፣ አረጋውያንን የምትንከባከብ ረዳት ማለት ነው፣ ሆኜ መጦሪያ ውስጥ ነው የምሠራው። ኮርሱ ዓመት አይሞላም፣ ከጨረሱት በኋላ በገጠር ሥራ መፈለግ አያስቸግርም። ፋብሪካ ይዘጋል ይከፈታል፣ ሽማግሌ ግን የትም አለ። ደግሞ እንግሊዝኛዬን ያቃናልኝ ኮርሱ አይደለም፣ እነሱ ናቸው። ስለ ከብትና ስለ አየር ጸባይ ለማውራት ጊዜ ያላቸው ሰዎች ናቸው፣ ስሳሳት አይቸኩሉብኝም፣ አንዷማ "እንደገና በይው" እያሉ እስኪገባኝ ያስደግሙኝ ነበር።

በአቅራቢያው የኮሌጅ ካምፓስ መኖሩን፣ ለአዲስ ገቢዎች በመንግሥት ወጪ የሚሰጠው የቋንቋ ትምህርት፣ ሊንክ የሚሉት፣ መኖሩን ጠይቁ። ብሩክስ ውስጥ የሜዲስን ሃት ኮሌጅ ካምፓስ አለ። አዲስ ገቢዎችን የሚረዳ ቢሮም አለ፤ ፎርም መሙላት፣ ልጅ ማስመዝገብ፣ ደብዳቤ ማንበብ ይረዳሉ። እንዲህ ዓይነት ቢሮ የሌለበት መንደር መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ ግን በስንት ደቂቃ መኪና እንደምትደርሱበት እወቁ።

ሕፃን ላላችሁ ዴይኬር ዋናው ጥያቄ ነው። ቦታ የለም፣ ካለም ወረፋ ነው፣ ወረፋው ደርሶም ማለዳ 12 ሰዓት ለሚገባ ሺፍት አይከፈትም። ብዙ ቤት ባል ቀን ሚስት ማታ እየተፈራረቁ ልጅ ይይዛሉ። ገንዘቡ ይገባል፣ ትዳሩ ግን በር ላይ ቁልፍ መቀባበል ብቻ ይሆናል። ከመሄዳችሁ በፊት ለዴይኬሩ ራሳችሁ ደውሉ፣ ቀጣሪው "አለ" ስላለ ብቻ አትመኑ።

ሕክምና። የድንገተኛ ክፍል መኖሩን ብቻ አትጠይቁ፣ ማዋለጃ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ትናንሽ ሆስፒታሎች ሁሉ አያዋልዱም። በገጠር አልበርታ ሐኪም ሲጠፋ ድንገተኛ ክፍሎች ለሰዓታት ወይም ለቀናት የሚዘጉበትም ጊዜ አለ፣ መዘጋታቸው በማስታወቂያ ይነገራል። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ ወይም ስኳርና ግፊት ያለባቸው እናት አብረዋችሁ ካሉ፣ ትልቁ ሆስፒታል የት እንደሆነና በበረዶ ቀን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አስሉ። ከብሩክስ ሜዲስን ሃት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የቤተሰብ ሐኪም አዲስ ሰው ይቀበል እንደሆነ ከመግባታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። 811 ላይ ደውላችሁ በማንኛውም ሰዓት ነርስ ታገኛላችሁ፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ትችላላችሁ። ሌሊት ልጅ ሲያተኩሰው መሄድ አለብኝ ወይስ እስኪነጋ ልጠብቅ የሚለውን ያን ያህል መንገድ ሳትነዱ ትወስናላችሁ።

ቤቱን በተመለከተ አንድ ክረምት ሳትከራዩ አትግዙ። ርካሽ ስለሆነ ብቻ እጃችሁ ይነሳል፣ አውቃለሁ። ግን መሸጡ እንደ ከተማ ቤት ፈጣን አይደለም፣ ቦታው ካልተስማማችሁ ታስራችሁ ትቀራላችሁ። ከመንደር ውጭ ያለ ቤት ከሆነ ውሃው ከየት ነው የሚመጣው በሉ። ጉድጓድ ነው? በታንከር የሚሞላ ነው? ጉድጓድ ከሆነ ናሙና ወስዳችሁ አስመርምሩ። ፍሳሹ ወደ ከተማ መስመር ካልገባ የራሱ ጉድጓድ አለው፣ በየጊዜው ይመጠጣል፣ የመጨረሻ መቼ እንደተመጠጠ ጠይቁ። የቤት ኢንሹራንስ ከእሳት አደጋ ጣቢያ ያላችሁን ርቀት ይቆጥራል፣ ስለዚህ ዋጋ ጠይቁና ከዚያ ፈርሙ። የመብራት ሒሳቡን ባለፈው ጥር የመጣውን ወረቀት አሳዩኝ በሉ። አልበርታ ገጠር ከተጠቀማችሁበት መብራት ይልቅ ለመስመሩ የምትከፍሉት ሊበልጥ ይችላል፣ አንዱን አምፖል በማጥፋት የሚቀንስ ነገር አይደለም። ስልክ ኔትወርክ በእያንዳንዱ ክፍል ያዙና ሞክሩ። ኢንተርኔቱ በሳተላይት ከሆነ ወርኃዊውን አስሉት፣ ያለ ኢንተርኔት መኖር ደግሞ አትችሉም። አዲስ አበባ ከእኛ በበጋ ዘጠኝ፣ በክረምት አሥር ሰዓት ትቀድማለች፣ እናታችሁን የምታገኙት ጠዋት ሥራ ከመሄዳችሁ በፊት ነው።

ሽታ። ይህን የትኛውም የቤት ማስታወቂያ አይጽፍም። በብሩክስ ዙሪያ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ከብት የሚደለብባቸው ቦታዎች አሉ። እዚህ አብዛኛውን ጊዜ ነፋሱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው የሚነፍሰው። ቤታችሁ ከማደለቢያው በስተ ምሥራቅ ከሆነ በሙቀት ቀን መስኮት አትከፍቱም። ካርታ ላይ ማደለቢያውን ፈልጉ፣ ከዚያ ቤቱ በየትኛው በኩል እንደሆነ እዩ። አገሬው ሲጠየቅ "የገንዘብ ሽታ ነው" እያለ ይስቃል፣ እናንተ ግን ልብስ ውጭ ነው የምታሰጡት።

ልጆች ከሁሉም ቀድመው ይለምዳሉ። ቢጫው አውቶቡስ መጥቶ ይወስዳቸዋል፣ ብርዱ ሲበረታ አውቶቡሱ ይቀራል፣ ትምህርት ቤቱ ግን ክፍት ነው፣ ስለዚህ ያን ቀን ማን ያደርሳቸዋል የሚለው ከወዲሁ ይታወቅ። ክፍሉ ትንሽ ነው፣ አስተማሪዋ የልጄን ጫማ ቁጥር ሳይቀር ታውቃለች። በሌላ በኩል ልጄ ክፍሏ ውስጥ ብቸኛዋ ጥቁር ናት። ጸጉሯን የሚነኩ ልጆች ነበሩ። ሄጄ ከአስተማሪዋ ጋር ተነጋገርኩ፣ ቆመ። ስለ ዘረኝነት ለሚጠይቁኝ መልሴ ይህን ይመስላል፤ ትናንሽ ነገሮች አሉ፣ አፍጥጦ የሚያይ ሽማግሌ አለ፣ አንድ ቀን ነዳጅ ማደያ ላይ የተሰደብኩበት አለ። ግን ከተማ ውስጥ የማላውቀው ሰው ሰደበኝ፣ ማንም አላየም፣ አለፈ። እዚህ ነዳጅ የሚሸጠው ልጅ ለእናቱ ነገራት፣ እናቱ ኬክ ጋግራ ቤቴ መጣች። ሁለቱም እውነት ነው። ብሩክስ ከተማ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ማንም ዞሮ አያያችሁም፣ ገበያው መሀል ዐረብኛ፣ ሶማሊኛ፣ ታጋሎግ ነው የሚሰማው፣ አማርኛም ትግርኛም ይገባል። ገጠር ብላችሁ ስትመርጡ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንዲህ ዓይነት ከተማ ይኑር። ለልጆቹ ሲባል፣ ለጸጉራቸውም ሲባል፣ ሹሩባ የሚሠራ ሰው እንዲገኝ።

ሰዉ ዝምተኛ ነው፣ ግን ቀዝቃዛ አይደለም። በገጠሩ መንገድ ላይ ስትተላለፉ ነጂው ከመሪው ላይ አንድ ጣት ያነሳላችኋል። ሰላምታው እሱ ነው። መልሱለት። ቤት ግቡ የሚል የለም፣ እንደ እኛ ደጃፍ ቆሞ መጫወትም የለም። መግባቢያው ሥራ ነው፤ የትምህርት ቤት ባዛር ሲኖር ድስት ይዛችሁ ሂዱ፣ አዳራሽ ሲጸዳ መጥረጊያ ያዙ። እኔ ምስር ወጥ አልጫ አድርጌ ነበር የወሰድኩት፣ ቀይ ወጥ ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው ያስለመድኳቸው።

ምግብ ካነሳሁ አልቀር፣ ገጠሩ የሚያሸንፈው እዚህ ላይ ነው። አካባቢያችን ሁተራይቶች የሚባሉ በማኅበር የሚኖሩ፣ ጀርመንኛ የሚናገሩ፣ ረጅም ቀሚስና ጥቁር ልብስ የሚለብሱ ገበሬዎች አሉ። ዶሮ፣ እንቁላል፣ ድንች፣ ጎመን፣ ሽንኩርት ከእነሱ ትገዛላችሁ። ዶሮዋ ዶሮ ናት። ከተማ የሚሸጠው እንደ ጥጥ የሚበታተነው ዓይነት አይደለም፣ ወጡ ላይ አጥንቷን ይዛ ትቆያለች። የፋሲካና የገና ሰሞን ከካልገሪ ዘመዶቻችን በእኔ በኩል ነው የሚያስገዙት፣ መኪናዬ ሙሉ ዶሮ ይሆናል። በግም ቢሆን አልበርታ ውስጥ ፈቃድ ካለው ገበሬ በቁሙ መግዛትና እዚያው ማሳረድ ይቻላል፣ ፈቃድ ማለቴን ልብ በሉ።

እንጀራው ግን ሥራ ነው። ጤፍ ከካልገሪ በጆንያ ነው የምናመጣው፣ የአፍሪካ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ብሩክስ ውስጥ አለ፣ ሁልጊዜ ግን ጤፍ አይኖረውም። ክረምት ላይ ሊጡ አይቦካም። ኦቭኑን ሳታበሩ መብራቱን ብቻ አብርታችሁ ሊጡን ውስጡ አሳድሩት፣ ይቦካል። ለመጋገሪያ ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ኖርዌጂያኖች ለፍሰ የሚሉትን ቂጣቸውን የሚጋግሩበትን ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፣ ሰፊ ነው፣ በቤት ሶኬት ይሠራል። ከአገር ቤት ምጣድ አትሸከሙ፣ የዚህ አገር የቤት ሶኬት 120 ቮልት ስለሆነ ምጣዱ አይግልም። ቡና ስትቆሉ ደግሞ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፣ ኪራይ ቤት ከሆነ ለአከራዩ ቀድማችሁ ንገሩት። የእኛ ጎረቤት መጀመሪያ ቀን የእሳት ማጥፊያ ይዞ ነው የመጣው፣ ቡና ጠጥቶ ሄደ።

በቀጥታ ከውጭ አገር ወደ ገጠር ለመምጣት ለምታስቡ። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ የገጠር ማኅበረሰቦች የስደት ሙከራ ፕሮግራም ጀምራለች፣ 14 አካባቢዎች አሉበት። ከአልበርታ የተካተተችው ክሌርስሆልም ናት፣ ከካልገሪ በስተ ደቡብ ያለች ትንሽ ከተማ። ማኒቶባ ውስጥ ብራንደንና ስታይንባክ፣ ሳስካችዋን ውስጥ ሙስ ጆ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ሰድበሪ፣ ቲሚንስና ተንደር ቤይ አሉ። አልበርታ ደግሞ በራሷ በኩል ለገጠር ከተሞች ሌላ መንገድ አላት፣ ከተማው የድጋፍ ደብዳቤ ይሰጣል። በሁለቱም ዋናው ነገር የሥራ ቅጥር ነው፣ በፌዴራሉ ፕሮግራም ቀጣሪው በአካባቢው የተመረጠ መሆን አለበት፣ የተመረጡትም ዝርዝር በየአካባቢው ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። ደንቡ ይለዋወጣል፣ ኮታም ይሞላል፣ ስለዚህ የዛሬውን ከድረ ገጹ ላይ አንብቡ፣ እኔ የጻፍኩትን ይዛችሁ አትሂዱ።

ለሥራ ቅጥር ደብዳቤ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ሌባ ነው። ሀበሻ ቢሆንም፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ቢሆንም፣ ዘመድ ቢሆንም። ቀጣሪ ሥራ ሸጦ ገንዘብ መቀበል አይፈቀድለትም። ብዙ ሺህ ዶላር ከፍለው መጥተው ሥራው የሌለ ሆኖ ያገኙትን አውቃለሁ። የተመረጠ ቀጣሪ ነኝ የሚላችሁ ካለ ስሙን ከዝርዝሩ ላይ ፈልጉ፣ ካለ ደግሞ ድርጅቱ ራሱ ድረ ገጽ ላይ ባስቀመጠው ስልክ ደውሉ፣ አገናኙ በሰጣችሁ ስልክ አይደለም። በዚያው ስልክ ኪራይ ቤት ይገኛል ወይ፣ ሺፍቱ ስንት ሰዓት ነው፣ ለባል ወይም ለሚስት የሚሆን ሥራ በከተማው አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የሚቀጥር ሰው እነዚህን ይመልሳል፣ የማይቀጥር ግን "መጀመሪያ ክፍያው" ይላችኋል።

አንድ የቀረ፣ ዕድርና ቤተ ክርስቲያን። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ካልገሪ ነው፣ ሁለት ሰዓት መንገድ። በየእሁዱ አይቻልም፣ መንገዱ ሲከፋ ጥምቀትንም ያስቀራል፣ ስለዚህ በስልክ የሚተላለፈውን እንከታተላለን፣ ትልልቅ በዓላት ላይ እንሄዳለን። ዕድር ግን ከመግባታችሁ በፊት እዚያው ካልገሪ ተመዝገቡ፣ ሲመዘግቧችሁም ከከተማው ውጭ የሚኖር አባል ይቀበላሉ ወይ፣ ለሬሳ ማጓጓዣና ለቤተሰብ ትኬት የሚከፍሉት ያው ነው ወይ ብላችሁ ደንቡን በጽሑፍ ጠይቁ። አንዳንዱ ዕድር በአድራሻ ይወሰናል፣ ከተማ ሳላችሁ ከገባችሁ ግን ስትወጡም እንዲያቆዩአችሁ መነጋገር ይቀላል።